አማ ያለበሷት ነጭ መኪና

ልጄ ምሕረቱ መኪና ገዝቶ የገባ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ እልል ሲል እኔ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ደስ ሳይለኝ ቀርቶ አይደለም። ባጃጅ እየነዳ፣ ከጓደኞቹ ጋር እየተጋገዘ ስንት ዓመት ለፍቶ የደረሰበት ነው፤ ልጅ ያሰበው ሲሞላለት የማይደሰት የእናት ሆድ የለም። ግን መኪናዋ ነጭ ነበረች። ነጭ ናት ብሎ ቀድሞ አልነገረኝም። የግቢው በር ተከፍቶ ያ ነጭ አፍንጫዋ ብቅ ሲል እንሰቱ ሥር ሄጄ ተቀመጥኩና ሰው እስኪበተን ቆየሁ።

በማግስቱ ጠዋት አጠባት። የዛሬ ልጆች መኪና የሚያጥቡት በጎማ ቱቦ ነው፤ አረፋው እንደ ጥጥ ይከመራል፣ ስልካቸው ጎን ለጎን ይዘፍናል። እኔ በረንዳ ላይ ምስር እየለቀምኩ ሰርቄ አየዋለሁ። አጥቦ አድርቆ ሲጨርስ ከጋቢና አንዲት ክብ ቆርቆሮ አወጣና ክዳኗን በሳንቲም ፈልቅቆ ከፈታት። ሽታው መጣ። ሽታውን በምን ልንገራችሁ? አሁን የጠፋ ሻማ ዓይነት ነው፤ ትንሽ ነጭ ጋዝ አለበት፤ ትንሽ ደግሞ ከሱቅ የወጣ አዲስ ጫማ። የመኪና ሰም ነው። የምስሩ ሰፌድ ከጭኔ ላይ ወረደ።

«እማዬ፣ ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ፀሐዩ ነው።»

«ጥላ ውስጥ ተቀምጠሽ?» አለና ሳቀብኝ።

እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ተወልጄ ያደግኩት ከምባታ አገር፣ ዳምቦያ ነው፤ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ሰንበሌጥ ክዳን ባለው ዳስ ውስጥ፣ ከእናቴ እኩዮች ጋር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው። ስለዚህ የምጽፈውም እንደማወራው ነው፤ ታገሡኝ። ደግሞ ፈሪ ነኝ። በር ሲንኳኳ እደነግጣለሁ፣ ከሩቅ የድምፅ ማጉያ ስሰማ እደነግጣለሁ፣ ሰው ስሜን ሙሉ ከነአባቴ ሲጠራኝ እደነግጣለሁ። ሰዎች ተፈጥሮዋ ነው ይላሉ። እኔ ግን ልጅ ሳለሁ ከእንሰት ጫካ በቀን ቢሆን በምሽት ብቻዬን የምገባ ደፋር ነበርኩ። ፍርሃትን የተማርኩት በትዳር ሆሳዕና ከተማ ከገባሁ በኋላ ነው።

ያን ጊዜ ሆሳዕና ትንሽ ነበረች። ክረምት ጭቃ፣ በጋ አቧራ፤ አስፋልት የሚባለውን የምናውቀው አዲስ አበባ ደርሶ የመጣ ሰው ሲያወራ ነው። አራዳ ላይ ልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ ላይ ተደርድረው የስፌት መኪናቸውን ሲረግጡ ድምፁ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ የወረደ ይመስል ነበር። ዳቦ በአሥር ሳንቲም ትገዛለህ፣ ዳቦው ደግሞ ዳቦ ነበር። ስኳር በቀበሌ ሱቅ በተራ ነው፤ ነጭ ጋዝ የመጣ ቀን ሰልፉ ከሱቁ ተነስቶ እስከ ወፍጮ ቤቱ ጥግ ይደርሳል፣ ሰው ባይኖር ጀሪካኑ ተራ ይይዛል። ወንዶቹ ካኪ ለባሾች ነበሩ፤ ሴቶቹ ሽንሽን ጉርድ ከጀርሲ ጋር፣ እግራችን ላይ የላስቲክ ኮንጎ ጫማ። ኮንጎ ጫማ ፀሐይ ሲበረታ ይለሰልስና እግር ያቃጥላል፤ ሆኖም ሰማያዊው ሲያምር! ጠዋት ጠዋት ከቀበሌው ምሰሶ ላይ የሰልፍ ዘፈን ይለቀቃል፣ ፈለግህም አልፈለግህም ከእንቅልፍህ የምትነሳው በእሱ ነው። የእኛ የጴንጤዎቹ መዝሙር ግን በሆድ ነበር። የጸሎት ቤታችን ታሽጎ ስለነበር መዝሙራችንን በአፍንጫችን ነበር የምናዜመው። ቃል የሌለው ዜማ ማንን ያስከስሳል? ባለቤቴ ሄራሞ መኪና ሲያጥብ ሁልጊዜ በአፍንጫው ይዘምር ነበር። ዛሬም ስለ እሱ ሳስብ ከፊቱ ቀድሞ የሚመጣልኝ ያ ድምፅ ነው፤ የታፈነ፣ የውሃ ድምፅ የተቀላቀለበት።

ሄራሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር፤ የመሥሪያ ቤቱን ስም ልተወው። ያገባኝ ጊዜ የሚነዳው አሮጌ፣ በሽቦ የታሰረ መኪና ነበር። ከተጋባን በኋላ ባንዱ ወር አዲስ አበባ ተልኮ ነጭ ላንድሮቨር ይዞ መጣ። አዲስ! መቀመጫው ከነላስቲኩ! ወተት የመሰለች። ሰፈራችን ጎፈር ሜዳ የነበረ ሕፃን ሁሉ እየሮጠ ተከተላት፤ በሯ ላይ ፊታቸውን እያዩ ምላሳቸውን ያወጡ ነበር። በመሥሪያ ቤቱ ግቢ ትልቅ ዛፍ ነበረ፣ ዛፉ ላይ ደግሞ አሞራ ያድርበታል። የአሞራ ኩስ ቀለም ይበላል። ስለዚህ ጓድ ኃላፊው፣ ቀጭን፣ ቀስ ብለው የሚናገሩና ሲናገሩ ሰው ዓይን የማያዩ ሰው፣ ሄራሞን ጠርተው «መኪናዋ አንተ ግቢ ትደር። ጭረት ካየሁባት የምጠይቀው አንተን ነው» አሉት። እንዲህ ሆኖ መኪናዋ ግቢያችን ገባች።

ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ የአስተማሪ ሚስት ነበሩ፤ ወላጆቻቸው ከሰሜን የመጡ፣ አፋቸው የማያርፍ፣ ልባቸው ግን ቅቤ። አጥራችን የሸምበቆ ስለነበር በአጥሩ ቀዳዳ ነበር የምናወራው።

«አስቴርዬ፣ ጣውንትሽ ገባች አሉ!»

«ገባች እትዬ።»

«ወገቧ ወፍራም ነው፤ ግን መልኳ መልክ ነው። አይዞሽ፣ ወጥ አትሠራበትም።»

ሳቅኩ። ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ ቀልድ ብቻ አልነበረም። ሄራሞ ወደ ሾኔ፣ ወደ ጊምቢቹ፣ ወደ ዱራሜ ለመስክ ይወጣና ይሰነብታል። እኔ ብቻዬን ነኝ፤ ዘመድ የለኝ፣ ሀዲይኛውን ገና አልለመድኩም፣ ገበያ ወጥቼ ካልሆነ ከሰው ጋር የማወራው በአጥር ቀዳዳ ነው። የሞተሯን ድምፅ ከወፍጮ ቤቱ ጥግ ጀምሬ እለየዋለሁ። በሩን ከፍቼ እቆማለሁ። እሱ ይወርዳል፣ «ደህና ነሽ?» ይለኛል፣ ከዚያ ባልዲውን ይጠይቃል። ከእኔ ቀድሞ የሚነካው እሷን ነበር። የመንገዱን ቀይ ጭቃ ሲያነሳላት ብታዩት! በመጀመሪያ ውሃ ብቻ፣ ከጣራዋ ላይ ቀስ ብሎ፣ ጭቃው ራሱ ርሶ እስኪወርድ። «ደረቅ አቧራ በጨርቅ የሚጠርግ ሰው በአሸዋ እየፈተጋት ነው» ይል ነበር። ከዚያ ሳሙናው፣ ሁልጊዜ ከላይ ወደታች፤ ጎማዋን ያጠበ ጨርቅ ኮፈኗን አይነካም። ፀሐይ ላይ አያጥባትም። በለስላሳ ቆዳ ያደርቃታል፣ እንደ ሕፃን ብብቷን ሁሉ ሳይቀር። መጨረሻ ላይ ሰሙ፤ ከቆርቆሮዋ በጣቱ ጫፍ ይቆነጥርና በክብ በክብ ይቀባል፣ ደርቆ እስኪዳምን ድረስ ይጠብቃል፣ ከዚያ በንጹሕ ፍላኔል ሲያነሳው ከሥሩ ሌላ መኪና ትወጣለች። «ሰም የሌለው ቀለም ራቁቱን ነው፤ ያገኘው ሁሉ ይነክሰዋል» ይለኛል። ውሃ እያቀበልኩ እጁን አያለሁ። በዚያ ቀስታ፣ በዚያ ጥንቃቄ። እንዴት ብዬ ልበል? ሴት ልጅ አንዳንዴ ኮፈን መሆን ትመኛለች።

ሄራሞ ግን መኪና ስለሚወድ ብቻ አልነበረም እንዲያ የሚሆነው። ይፈራ ነበር። ሌላ መሥሪያ ቤት የነበረ አንድ ሾፌር መኪናው ገደል አፋፍ ላይ ተሰበረችበት። አሻጥር ነው ተባለ። በዚያ ዘመን ይህች ቃል ከወጣች አትመለስም። ሚስቱ አገልግል ይዛ እስር ቤት ትመላለስ ነበር፤ አንድ ቀን «ከእንግዲህ ምግብ አታምጪ» አሏት። ለምን እንደሆነ አልነገሯትም፣ እሷም አልጠየቀችም። አገልግሉን እንደያዘች በቤታችን በኩል ስታልፍ ሄራሞ ነጯን መኪና እያጠበ ነበር። እጁ ውሃ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማታ ማታ ሳይተኛ በፊት ወጥቶ በመዳፉ ይዳስሳታል፤ ጭረት ይፈልጋል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ምሕረቱን ወለድኩ። አማትዬ ከጊምቢቹ በኩል ካለ ገጠር ሊያርሱኝ መጡ። ስማቸውን ዛሬም አልጠራም፤ በእኛ አገር ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፣ ከሞቱ በኋላም ቢሆን። ልጃቸው እንደሚጠራቸው አማ ነው የምላቸው፤ እናት ማለት ነው። ቅቤ፣ ቡላና ቆጮ ተሸክመው ጭቃውን ሁሉ በእግራቸው ነው የመጡት። እሳቸው በሀዲይኛ፣ እኔ በከምባትኛ፣ ሲቸግረን በአማርኛ ስብርባሪ እንግባባለን። ከቡላና ከቅቤ የሚሠራውን አተካና ሠርተው በእጃቸው ያጎርሱኛል፣ ቅቤ መሐል አናቴ ላይ ያደርጉልኛል። መኪናዋን ያዩ ቀን ደግሞ ዞረው ዞረው አዩና ከቅሉ ቅቤ ዘግነው ወደ ኮፈኗ ሄዱ። ሄራሞ ሮጠ።

«አማ! አማ! ምን ሊያደርጉ ነው?»

«አዲስ ነገር ሳይቀባ ይገባል? ሙሽራ አይደለች? ግንባሯን ልቀባት።»

«አቧራ ይይዝባታል አማ፤ ስለ እግዚአብሔር!»

«ሰው ቅቤ ሲቀባ ይለመልማል፣ የእናንተ ብረት ቅቤ ሲቀባ ይቆሽሻል?» ብለው ቅቤውን የሄራሞ ግንባር ላይ አደረጉት። እኔ አራስ ቤት ተኝቼ ቁስሌ እስኪያመኝ ሳቅኩ።

የዓመቱ ትልቅ ሰልፍ ደርሶ ነበር። ከላይ ትልቅ እንግዳ ይመጣል፣ የሚቀበሉትም በነጯ መኪና ነው። ጓድ ኃላፊው «መስታወት ሆና ትጠብቀኝ» ብለዋል። ሰልፉ በማግስቱ ሊሆን ሄራሞ ከጠዋት ጀምሮ ያዛት። አሮጌው ሰም እንዲለቅ በኃይለኛ ሳሙና አጠባት፣ አደረቃት፤ የቀረው አዲሱን ሰም መቀባት ብቻ ነበር። ቆርቆሮዋን ሲከፍት የቀበሌው ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ስብሰባ! አባወራ በሙሉ፣ አሁኑኑ!»

«ወንድሜ፣ ሰሟን ቀብቼ ልምጣ። ትንሽ ነው።»

«ጓድ ሄራሞ፣ ከአብዮቱ ሰም ይበልጥብሃል?»

ሰው እንዲህ ሲባል ምን ይመልሳል? ቆርቆሮዋን ከደነና ተከተለው። ሲወጣ በመስኮቱ በኩል «አማ፣ ዛሬ ራቁቷን ናት፤ ሰው እንዳይጠጋት» አላቸው። ከዚያ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ፀሐዩ የክረምት መውጫ ፀሐይ ነበር፣ የሚጠብስ፤ በምሥራቅ በኩል ደግሞ ደመና አለ።

እኔ ከልጁ ጋር ሸለብ አደረገኝ። በእንቅልፍ ልቤ ከጓሮ የቢላ ድምፅ እሰማለሁ፣ እንሰት ሲቆረጥ። ቆጮ ሊጋግሩልኝ ቅጠል ይፈልጋሉ አልኩና ተውኩት። አማ ግን የሚቆርጡት ለሌላ ነበር። በእኛ አገር የከበረ ነገር ሁሉ የሚለብሰው የእንሰት ቅጠል ነው። ቅቤ ይጠቀለልበታል፣ ቆጮ ይጋገርበታል፣ ሥጋ ይመጣበታል፣ ዝናብ ሲመጣ ሰው አናቱ ላይ ይይዘዋል። ልጃቸው ራቁቷን ናት ብሎ ሰማዩን አይቶ ሄደ፤ እናት ምን ታድርግ? ለጋ ለጋውን ሰፋፊ ቅጠል እየቆረጡ ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ አለበሷት፤ ነፋስ እንዳይወስደው የየቅጠሉን ወፍራም ግንድ እየደራረቡ። ፀሐዩ ወጣ፣ ካፊያ ጣለ፣ ፀሐዩ ተመለሰ። የተቆረጠው ሁሉ ሲያለቅስባት ዋለ። እንሰት ያልፋቀ ሰው ላያውቅ ይችላል፤ የእንሰት ውሃ ሲንጠባጠብ ጥርት ያለ ነው፣ ሲደርቅ ዝገት ይመስላል፣ የነካውን ልብስ ደግሞ ልብሱ እስኪያልቅ አይለቅም። አማ ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። የሚያውቁት ልብስን ሲይዝ ነው፤ ብረትንም እንደሚይዝ አላሰቡም።

ሄራሞ ፀሐዩ ዘንበል ሲል ተመለሰ። በሩ ላይ ሲደርስ መጀመሪያ ሳቀ፤ ግቢው መሐል አረንጓዴ ጎጆ የበቀለ ይመስል ነበርና። ቀጥሎ አንዱን ቅጠል አነሳ። ሳቁ ቆመ። ሌላውን አነሳ። እኔ በሩን ገፋ አድርጌ አየሁ፤ ነጩ ላይ በየቅጠሉ ግንድ ልክ ቡናማ ሸንተረር ወርዷል፣ የከሳ ከብት የጎድን አጥንት የመሰለ። አማ አጠገቡ ቆመው ፊቱን ያያሉ።

«ፀሐይ አልነካትም እኮ ልጄ። ዝናቡም አልነካት።»

ሄራሞ የያዘውን ቅጠል ቀስ ብሎ መሬት ላይ አኖረ። ከዚያ ምን እንዳለ ልንገራችሁ፤ እኔ ይህን ሰው ለምን እስከዛሬ እንደምጠብቀው የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው።

«ጥሩ አድርገዋል አማ» አላቸው። «ይባርክዎ።»

ገብቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ነገ እንግዳው ይመጣል» አለኝ። «በሰልፉ ዋዜማ፣ የመንግሥት መኪና። ሆን ብሎ ነው ይላሉ፤ ጴንጤ መሆኔንም ያውቃሉ። አሻጥር ነው የሚሉኝ፣ አስቴር።» የአገልግሏን ሴት ሁለታችንም አሰብናት፤ ሁለታችንም ስሟን አልጠራንም። ልጁ አለቀሰ። አማ በሩ ላይ ቆመው ነበር። አማርኛው ባይገባቸውም አሻጥር የምትለዋን ቃል ያን ጊዜ የማያውቅ አልነበረም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠቅጥቀው ወደ መኪናዋ ሄዱና በነጠላቸው ጫፍ መፈተግ ጀመሩ።

ሳሙና ሞከርን፣ አልሆነም። ሎሚ ሞከርን፣ ፈዘዝ አለ እንጂ አልወጣም። ነጭ ጋዝ ልሞክር ስል «ቀለሙን ይበላዋል» ብሎ እጄን ያዘኝ። አራስ ነበርኩ፣ ከቤት መውጣት የለብኝም፤ ግን ማን ሊያስብ? እናቴ እንሰት ስንፍቅ ውለን እጃችን ሲጠቁር የምታለቅቅበት ትዝ አለኝ፤ በጨርቅ የተነፋ አመድ ከቅቤ ጋር።

«አመድ?» አለ ሄራሞ። «አመድ እኮ ይፍቃል!»

«በሻሽ ነው የምነፋው። ከዱቄት የላመ ነው።»

በመጀመሪያ ሰው የማያይበት፣ የኋላ በሩ ሥር ሞከርን። በፍላኔል፣ በክብ በክብ፣ ሰሙን እንደሚቀባው። ትንፋሻችንን ይዘን አበስነው። ነጭ! አማ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው በእጃቸው ያዙት። ለወገቤ መጠገኛ ያመጡት ቅቤ ሁሉ ወጣ። እሳቸው ኮፈኗን፣ እሱ ጣራዋን፣ እኔ ልጄን በጀርባዬ አዝዬ በሮቿን ያዝን። ጀንበር እስክትጠልቅ እንዲያ ነበርን። እትዬ በላይነሽ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ አሉ።

«ኧረ ምን ጉድ ነው አንቺ ሴት! በአራስነትሽ ጣውንትሽን ቅቤ ትቀቢያለሽ?»

«በዓል አይደል እትዬ? እሷስ ሰው አይደለች?»

ሳቁ። እኛም ሳቅን፤ ሦስታችንም ጥርሳችን እየተንገጫገጨ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ከሰው ጋር ሆኜ አላውቅም። ሦስታችን፣ አንድ ነገር ላይ፣ እጅ ለእጅ እየተነካካን። ፍርሃት ነበር ያገናኘን፤ ቢሆንም ዛሬ ብቻዬን ስሆን የምመለሰው ወደዚያች ሰዓት ነው።

አንድም ሸንተረር አልቀረ። ታጠበች፣ ሰም ተቀባች። አመዱ ጥቃቅኑን ጭረት ሁሉ ስለወሰደላት ከፋብሪካ ከወጣችበት ቀን ይልቅ አበራች። በማግስቱ እኔ አራስ ስለሆንኩ ሰልፉን አላየሁም፤ እትዬ በላይነሽ ናቸው በአጥሩ ያወሩልኝ። «ትልቁ ሰውዬ ከንግግሩ በፊት ኮፈኗ ላይ ጎንበስ አለና ቆቡን አስተካከለ። በእግዜር! እንደ መስታወት! ከዚያ በጣቱ ነካ አድርጎ፣ ሾፌሯ ማን ነው አለ። ያንቺ ሰውዬ ሰላምታ ሰጠ። አጨበጨቡለት አስቴርዬ!» አልጋዬ ላይ ብቻዬን አለቀስኩ። በደስታ ነበር። እግዚአብሔር ያውቃል፣ በደስታ ነበር።

መስቀል አልፎ ገና የደመራው አመድ ሳይበተን፣ መኪናዋ ከነሾፌሯ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጦር ግንባር ትፈለጋለች ተባለ። እንግዳው ሰው አልረሳትም ነበር። «ለጊዜው ነው» አሉት። የእርሻ መሥሪያ ቤቱ ሾፌር፣ ፓራፋንጎ የሚሉት የጎማ መከለያው የተላላጠ፣ በጭቃ የተለበጠ መኪና የሚነዳው ጓደኛው፣ ሊሰናበተው መጥቶ ግቢያችን ውስጥ እንደ ሕፃን አለቀሰ። «የእኔን ቆሻሻ ማን ይፈልጋታል?» እያለ። ያ ሰው እዚሁ አርጅቷል። ገበያ ላይ ሲያገኘኝ ዓይኑን ሰብሮ ሰላም ይለኛል።

ሄራሞ የሄደ ቀን ጠዋት ተነስቶ አጠባት። በአፍንጫው እየዘመረ፣ ከላይ ወደታች። እኔ ውሃ አቀበልኩ። ብዙ ልለው የፈለግኩት ነበረ፤ እጁ ሥራ ላይ ስለነበር ባልዲውን ደግሜ ሞላሁ። ሰሙን ቀብቶ ሲጨርስ ከቆርቆሮዋ ትንሽ ተርፎ ነበር፤ «ያዥልኝ፣ ስመለስ እጨርሰዋለሁ» ብሎ ሰጠኝ። ልጁን ራሱ ላይ ዳሰሰው። ከዚያ የሞተሯ ድምፅ እስከ ወፍጮ ቤቱ ጥግ ሄደ፣ ታጠፈ፣ ጠፋ። የምሕረቱ ራስ ላይ የሰሙ ሽታ ቀረ። እስኪጠፋ ድረስ ራሱን አላጠብኩትም።

መንግሥት ሲለወጥ ከሰሜን የተመለሱ ሰዎች በእግራቸው እየመጡ በሆሳዕና አለፉ። እግራቸው በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ፊታቸው የማይለይ። ለእያንዳንዱ ውሃ ይዤ ወጣሁ። ነጭ ላንድሮቨር አይታችኋል ወይ? አንዱ አየሁ አለኝ፣ ሌላው የትኛዋን አለኝ፤ የቀሩት ውሃውን ጠጥተው መንገዳቸውን ቀጠሉ። አማ በዚያ ዓመት መጥተው እኔ ጋ ከረሙ። አንድ ቀን እንሰቱ ሥር ተቀምጠው ቅጠሉን ቀና ብለው ሲያዩ ቆዩና «ልጄን ይዞት ሊቀር ነበር» አሉ። «ያ ቅጠል መኪናዋ ላይ ምልክቱን አድርጎ ነበር። ፈትገን ለቀቅነው።» ብዙ ሳይቆዩ አረፉ። የሰሟን ቆርቆሮ አስቀምጬያት ነበር፤ ሲብስብኝ እከፍትና አሸታለሁ። ሰሙ ደረቀ፣ ተሰነጣጠቀ። አንድ ቀን ከፈትኳትና ምንም አልሸተተችም።

ምሕረቱ አባቱ ከመኪናዋ ጋር ወደ ሰሜን መሄዱን ያውቃል። የቅጠሉን ነገር ግን ነግሬው አላውቅም ነበር። የራሱን መኪና በገዛ በወሩ እየሮጠ ገባ። «እማዬ፣ ሥራ አገኘሁ! አንድ ድርጅት ከነሾፌሯ ሊከራያት ነው። ሩቅ አገር ነው፣ ግን ጥሩ ነው። ስንት መኪና ተደርድሮ አለቃቸው ቀጥ ብሎ የመጣው ወደ እኔ ነው፤ እንዲህ የተያዘ መኪና አላየሁም አለኝ።» ሩቁ የት እንደሆነ ጠየቅኩት፣ ነገረኝ፤ ስሙን ሬዲዮ ላይ ሰምቼዋለሁ፣ በደህና አይደለም። አትሂድ አልኩት። «ታዲያ ምን ልብላ እማዬ? አንቺ ደግሞ ሁሉን ትፈሪያለሽ» አለኝ።

ሊሄድ ሲል እንደ አባቱ አጠባት። አሮጌውን ሰም በኃይለኛ ሳሙና አነሳ፣ አደረቃት። ራቁቷን ሆነች። «ምሳህ ደርሷል፣ ትኩሱን ብላና ትቀባታለህ» አልኩት። ገብቶ ሲቀመጥ እኔ በጓሮ በኩል ዞርኩ። አንዲት ለጋ ቅጠል ከነግንዷ ቆረጥኩና የኋላ በሯ ላይ፣ ከመስታወቱ ሥር አስደግፌ ጫንኳት። ፀሐዩ ጥሩ ፀሐይ ነበር። ገብቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። «ጨምር» እለዋለሁ። «ጠገብኩ።» «ትንሽ ጨምር፣ ስለ እኔ።» ወጥ እጨምራለሁ፣ እርጎ አመጣለሁ፣ የማላውቀውን ወሬ ሁሉ አወራለሁ።

ሲወጣ ድምፁን ሰማሁት።

«እማዬ! ይሄ ምንድን ነው?»

ቅጠሉ በእጁ ነበር። በሯ ላይ አንዲት ቡናማ ሸንተረር ወርዳለች፤ ቀጭን፣ የጣት ርዝመት ያላት። ሊቆጣኝ ነበር፤ ፊቴን ሲያይ ተወው። በረንዳው ላይ ተቀመጥን፤ ያን ጊዜ ነው ሁሉን የነገርኩት። አማን፣ ቅቤውን፣ አመዱን፣ አባቱ ጥሩ አድርገዋል ያለውን። ራሱን ሳላጥብ የቆየሁትን ጭምር። ምሕረቱ ቀና ሳይል ሰማኝ። ከዚያ ተነስቶ ፍላኔሉን አነሳና በሯ ሥር ተንበረከከ። ሊፈትጋት ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሽታው ሲመጣ ከፈትኩ። ሸንተረሯን አልነካትም፤ ሰሙን በላይዋ ላይ እየቀባባት ነበር፣ በክብ በክብ፣ እንዳትለቅ።

«ትኑር» አለኝ። «ማን ሠራት ካሉኝ፣ አያቴ ናቸው እላለሁ።»

ሄደ። የተከራዩት ሰዎች ሸንተረሯን አላዩም፤ ወይም አይተው ምንም አልመሰላቸውም። ይደውላል፤ ኔትወርክ ሲኖር። ከደወለ ግን ሰነበተ። እኔ በረንዳዬ ላይ ነኝ፤ ይህን የምጽፈውም እዚሁ ሆኜ ነው። የዛሬ መኪና ድምፁ ሁሉ አንድ ነው፣ እንደ ድሮው ከወፍጮ ቤቱ ጥግ ጀምሬ አልለየውም። ስለዚህ ነጭ መኪና ባለፈ ቁጥር ተነስቼ በሩ ድረስ እሄዳለሁ። ዛሬ ደግሞ ሆሳዕና ውስጥ ነጭ መኪና ብዙ ነው። ሲያልፍ የኋላ በሩን አያለሁ። ንጹሕ ነው። እገባለሁ።